ያልታጨደ ጤፍ፣ ያልመጣ ስልክ

ወዳጆቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ይረዝማል። የብቸና ተማሪዎቼ «ቲቸር ደግሞ መቼ አጭር አውርተው ያውቃሉ» እንደምትሉ ስለማውቅ፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ብቸና ሳስተምር ከኋላ ወንበር የማይነሳ፣ ግን ጥያቄ የማያልቅበት ልጅ ነው። አሁን አዲስ አበባ በቴሌግራም ስልክና ላፕቶፕ ይሸጣል። ሰላምታውን አሳጠረና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔ ሌባ ነኝ ወይ?» አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ዱባይ ካለ ሻጭ ገጽ ላይ የስልኩን ፎቶ ይወስዳል፣ የራሱን ዋጋ ጽፎ ይለጥፋል። ስልኩ እሱ ዘንድ የለም። ገዢ ሲመጣ ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ይቀበላል፣ ገንዘቡን ለአምጪ ይሰጣል፣ ዕቃው በሁለት ሦስት ሳምንት በሻንጣ ይገባል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ፤ አንድም ሰው አልከዳም። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። በንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ብር ሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አምጪው «በድሮው ዋጋ አይሆንም» አለ። ልጁ በሰኔ ዋጋ የሸጣቸው አሥራ አንድ ስልኮች አሉ። አንዱም በእጁ የለም።

ወዲያው አልመለስኩለትም። አባቴ ትዝ አለኝ።

የተወለድኩት ሞጣ አጠገብ ነው። አባቴ ገበሬ ነበር፣ ደህና ገበሬ። በ1958 ክረምት ታላቅ ወንድሙ ሞቶ ተዝካሩ ደረሰ። ክረምት ማለት ለገበሬ ጎተራው ባዶ የሆነበት፣ እርሻው ግን ለምለም የሆነበት ጊዜ ነው። ዓይን ይጠግባል፣ ሆድ ይራባል። አባቴ ሞጣ ወደሚገኝ አንድ እህል ነጋዴ ሄደና ገና አንድ ጋት ያልበቀለውን ጤፍ ሁለት ዳውላ ሸጠለት። የተቀበለው ብር ታኅሣሥ ላይ ቢሆን አንድ ዳውላ ብቻ የሚገዛ ነበር። ማለትም ለአምስት ወር ጥበቃ አንዱን ዳውላ ነጋዴው በነፃ ወሰደ። በወለድ ብናሰላው መቶ በመቶ ነው፤ ያውም ዓመት ሳይሞላ። ግን ማንም አራጣ አላለውም። ሽያጭ ነዋ!

ነጋዴው ወረቀት አልጻፈም። ዋስ ጠርቶ ነበር። ዋሱ የእናቴ ወንድም ነው። ውሉ የተያዘው በሰው አንገት ነው ማለት ይቻላል፤ አባቴ ቢክድ አጎቴ ይከፍላል፣ አጎቴ ከከፈለ ደግሞ እናቴ ከወንድሟ ጋር ዓይን ለዓይን አትተያይም። ይሄ ከማኅተም ይጠነክራል። ጤፉ በተወቃ ዕለት አባቴ መጀመሪያ የሰፈረው የነጋዴውን ነው። እናቴ አውድማው ላይ የቀረውን ስትጠርግ፣ ግርዱን ከአፈር ስትለይ አስታውሳለሁ።

በማግስቱ ዓመት ጥቅምት ላይ በረዶ መጣ። ጤፉ መሬት ላይ ተኛ። አባቴ ለዚያም ዓመት ሸጦ ነበርና ግማሹን ብቻ አስረከበ። ነጋዴው አልተቆጣም፤ «ይክረም» ነው ያለው። ግማሽ ዳውላው ከርሞ አንድ ዳውላ ሆነ። አባቴ ከዚያ ዕዳ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ጊደር ሸጦ ነው።

ልብ በሉ። ሻጩ የሌለውን ዕቃ ሸጠ። በረዶው፣ ተምቹ፣ የዝናቡ መቅረት፣ የዋጋው መውጣት ሁሉ ግን ያረፈው ሻጩ ላይ ነው። ገዢው ብሩን አስቀድሞ ቢሰጥም ዋስ አለውና እንቅልፍ አላጣም።

ለምን እንዲህ ይሸጥ ነበር? ድህነት ብቻ አይደለም። በጎጃም መሬቱ ርስት ነው። ርስት የአባት የእናት ዘር ነው፣ ለባዕድ መሸጥ ነውር ነው፣ ዘመድም ዝም አይልም። መሬቱን መሸጥ ያልቻለ ሰው የሚሸጠው መሬቱ ነገ የሚሰጠውን ነው። ወይም መሬቱን በወለድ አገድ ይይዛል፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት እያረሰ ይበላል። ሰኔና ሐምሌ የሚመጣ ችግር ደግሞ አይጠፋም፦ ተዝካር፣ ሕመም፣ የሞተ በሬ፣ ግብር።

ግብር ካነሳሁ አይቀር፣ 1960ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የቆየውን አስራት ሽሮ፣ ገበሬው በገቢው ግምት ይክፈል አለ። ግምት ነው እንግዲህ። ኮሚቴ መጥቶ «ከዚህ ማሳ ይህን ያህል ታገኛለህ» ይልሃል። ሞጣና ብቸና አውራጃ አሻፈረኝ አሉ፤ ዳሞትም እንዲሁ። ዋናው ፍርሃት መሬቱ በቀላድ ተለክቶ ርስቱ ይሄዳል የሚል ነበር፣ ይሄንን ታሪክ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬያችኋለሁ። ግን አንድ ያላስተማርኳችሁ ነገር አለ። ጎተራ ያልገባ እህል በቁጥር ሲጻፍበት ምን እንደሚመጣ የኛ ገበሬ ከነጋዴው ጋር በነበረው ኑሮ ያውቀው ነበር። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ደበደበ፣ ሰው አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ደርግ መጣና መሬቱ ለአራሹ ሆነ። አባቴ «ከእንግዲህ ክረምት ላይ አልሸጥም» አለ። አልሸጠምም። ሳይሸጥ ተሸጠበት እንጂ።

በደርግ ዘመን የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመድብ ነበር። ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው። ጎጃም ትርፍ አምራች ተብሎ ዋና ምንጭ ከተደረጉት ክፍለ ሀገሮች አንዱ ነበር፤ የግል ነጋዴ እህል ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንዳይጭንም ኬላ ይጠብቀው ነበር። እኔ ያኔ ብቸና ጀማሪ መምህር ነኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ማኅበራችን ይህን ያህል ኩንታል ያስገባል» ይላል፣ ይጨበጨባል። እህሉ የት አለ? የለም። ታኅሣሥ ሲደርስ ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ከብት ሸጦ ገበያ ይወርዳል፣ በውድ ጤፍ ይገዛል፣ ያንኑ ጤፍ ተሸክሞ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ በመላው አገሪቱም የታወቀ ነው። ኮታው የቀረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

አባቴ የሌለውን የሸጠው ራሱ ወስኖ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን የሌላውን ሰው የሌለ እህል ነው የሸጠው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ።

አሁን ትንሽ ከጎጃም ልውጣ። የሌለን ዕቃ መሸጥ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። ጃፓን ኦሳካ ውስጥ የዶጂማ ሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 በመንግሥት ዕውቅና ሲያገኝ፣ የሚሸጠው ሩዙ ሳይሆን «መጋዘን ሩዝ አለኝ» የሚል ወረቀት ነበር። መሳፍንቱ ገንዘብ ሲያጥራቸው መጋዘን ካለው ሩዝ በላይ ወረቀት ይጽፉ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል? አሜሪካም በ1848 የተቋቋመው የቺካጎ የእህል ንግድ ቦርድ «ገና የሚመጣ» በቆሎና ስንዴ መሸጫ ሆነ። ውል የሚያፈርሰው በዛና በ1865 ሕግ አወጡ፦ ሻጭም ገዢም ማስያዣ ያስቀምጥ። ሁለቱም! አባቴና ነጋዴው መካከል ይሄ ሕግ ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

ሞጣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሼኽ በልጅነቴ የነገሩኝም አለ። በእስልምና ሕግ የሌለህን አትሽጥ የሚል ሐዲስ አለ። ግን ሰለም የሚባል የተፈቀደ ውል አለ፦ ዋጋው በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል፣ ዓይነቱ፣ መጠኑና የማስረከቢያው ቀን ተለይቶ ይታወቃል፤ እህሉም ከተወሰነች አንዲት ማሳ ብቻ እንዲመጣ አይታሰርም። ያን ጊዜ የመጨረሻዋ ነገር አልገባችኝም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያቺ ማሳ በረዶ ሊመታት ይችላላ።

እኛስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና የሚሠራን፣ አልፎም በሌላ ሰው እጅ ያለን ነገር ለመሸጥ መዋዋልን አይከለክልም። ስለ ቀብድ ደግሞ ቁጥር 1885 ላይ ግልጽ ነገር አለው፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። በቴሌግራም ቀብድ ከምትቀበሉት መካከል ይሄን የሚያውቅ ስንት ነው? ሚያዝያ 2000 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሌላ መንገድ መረጠ፦ ሻጭ መጀመሪያ እህሉን መጋዘን ያስገባል፣ ደረጃው ይመረመራል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚሸጠው። የሌለህን መሸጥ አትችልም፣ አለቀ። ለትልቅ ነጋዴ ደህና ነው። ክረምት ላይ ብር ለሚፈልግ ገበሬ ግን አይደርስለትም።

ወደ ልጁ ልመለስ። በስልክ ላይ ዝም ብዬ ስቆይ «ቲቸር፣ አሉ?» አለኝ።

«አለሁ። የሌለህን በመሸጥህ ሌባ አልልህም፤ አባቴም ሸጧል። ግን የተቀበልከው ቀብድ አሁን የት ነው ያለው?»

ዝም አለ።

«የአዲሱን ቀብድ ለቀድሞው ትዕዛዝ ከፈልክበት?»

«አዎ፣ ቲቸር። ግንቦት ላይ አንድ አምጪ ሦስት ስልክ ይዞ ተያዘ። እነሱን ለመተካት...»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ፎቶ መለጠፉ አይደለም፣ ዶላሩም አይደለም። ዶላሩ ገለጠው እንጂ ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ተቆፍሯል። የአባቴ ገዢ ብሩን ሲሰጥ ብሩ ተዝካር እንደሚበላበት ያውቅ ነበር፣ ዋስም ነበረው። የዚህ ልጅ ገዢዎች ግን ገንዘባቸው የሌላ ሰው ስልክ እንደተገዛበት አልተነገራቸውም። አደጋው ሙሉ በሙሉ ገዢው ላይ አርፏል፣ ገዢው ግን አያውቅም። ዋስም የለ፣ አጎትም የለ፤ ያለው የፕሮፋይል ፎቶ ነው።

ይሄንኑ ነገርኩት፣ አላለሳለስኩለትም። አለቀሰ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጅ አባት ነው። «ቻናሉን ዘግቼ ቁጥሬን ልቀይር ብዬ ነበር» አለኝ። እኔን ከመጥራቱ በፊት ሲም ካርድ ገዝቷል። ጥያቄው ለምን በዚያ ማታ እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ቁጥሩን አልቀየረም። ለአሥራ አንዱም ያለውን እውነት ጻፈላቸው፤ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ፣ በስንት ወር እንደሚመልስ። ሁለቱ ፖሊስ ጋ ሄዱ፤ መብታቸው ነው። ላፕቶፑንና የሚስቱን ሐብል ሸጦ መጀመሪያ ለነሱ ከፈለ። እስከዛሬ ለሰባቱ መልሷል። አራት ይቀራሉ። እጥፉን እንዲከፍል አራቱም አልጠየቁትም፤ እሱ ግን ሕጉን ነግሯቸዋል፣ እኔ ነኝ ያስገደድኩት።

ለአራቱ ዋስ ጠራ። ብቸና ያለች ታላቅ እህቱን፣ እሷም ተማሪዬ ነበረች። ከአራቱ አንዱ አላመነም፣ ስልኳን ተቀብሎ ራሱ ደወለላት። ጤፍ ነጋዴ ናት። ሲያወሩ ቆይተው መንገዱ ከፈቀደ ከዘንድሮው ምርት ሁለት ኩንታል ነጭ ጤፍ እንድትልክለት ጠየቃት፣ ቀብድም ሊልክላት ነበር።

«አጨዳው ይድረስና» አለችው።