ለሚዲያዊኪ ኮድ የእንግዳ ሰው አስተዋጽኦ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ደግሞም ከውጭ የሚመጣ ሰው በኮዱ ሥራ የሚሳተፍበት መንገድ እንዴት እንደ ተለዋወጠ መመርመር ነው። የዊኪፔዲያን ጽሑፍ ማንም ሰው ሊያርመው እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ስለ ኮዱስ እንዲሁ ማለት ይቻላልን? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊኪፔዲያ ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ሲከፈት ይሠራበት የነበረው በፐርል ቋንቋ የተጻፈው ዩዝሞድዊኪ ነው። ይህ ፕሮግራም ገጾቹን የሚያኖረው በዳታቤዝ ሳይሆን በተራ ፋይሎች ስለ ነበረ፥ ጽሑፉና አንባቢው እየበዛ ሲሄድ የማይበቃ ሆነ። በዚያው ዓመት በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጀርመናዊው ማግነስ ማንስከ በፒኤችፒ ቋንቋ አዲስ ፕሮግራም ጻፈ፤ የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያም በጃንዋሪ 2002 ወደዚሁ ተዛወረ። ዳሩ ግን ሸክሙ ዳግመኛ ስለ ከበደ ሊ ዳንኤል ክሮከር እንደ ገና ጻፈው፤ ይህም በጁላይ 2002 ሥራ ላይ ዋለ። ሚዲያዊኪ የሚለው ስም የወጣለት በ2003 ነው። እንግዲህ ሥራው የተጀመረው በትልቅ ኩባንያ ሳይሆን በፈቃደኞች እጅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ለእንግዳ ሰው ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ አቁሞ ማስኬድ ነው። ለዚህም ፒኤችፒ፥ የድረ ገጽ ሰርቨርና ዳታቤዝ ተስማምተው መጫን አለባቸው፤ ኋላ እንደ ቫግራንትና ዶከር ያሉ መሣሪያዎች ይህን ድካም አቃለሉት።

ሁለተኛው በር ምርመራ ነው። ኮዱ በመጀመሪያ በሲቪኤስ፥ ከ2006 ጀምሮም በሰብቨርዥን ሲጠበቅ ሳለ፥ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ለውጡን አስቀድሞ ያስገባል፤ ምርመራው ከኋላ ይመጣል። ፈቃድ የሌለው ግን ማሻሻያውን በቡግዚላ የስሕተት መዝገብ ላይ አያይዞ የሚያነብለት ሰው ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ያልተመረመረ ለውጥ እየተከማቸ አዲሱን እትም ሥራ ላይ ማዋል ይዘገይ ነበር። በማርች 2012 ኮዱ ወደ ጊትና ጌሪት ሲዛወር ሥርዓቱ ተገለበጠ፤ መዝገብ የከፈተ ሁሉ ለውጥ መላክ ይችላል፥ ነገር ግን ሥልጣን ያለው መርማሪ አንብቦ «+2» ካልሰጠው ወደ ዋናው ኮድ አይገባም።

አንዳንዶች ይህን እንደ ነፃነት መጥበብ ይቈጥሩት ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን አስቀድሞ መመርመር የተሻለ ነው፤ አንድ የተሳሳተ መስመር የብዙ አገር አንባቢን ገጽ ሊዘጋ ይችላልና። ሆኖም ሥርዓቱ የሚጸናው መርማሪ ሲኖር ብቻ ነው፤ ሳይነበብ የቀረ ሥራ ከተጣለ ሥራ አይለይም። ላኪው መልስ ካጣ ሁለተኛ ለመላክ አይደፍርም።

ከዚህ ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ። የፕሮግራሙን መልእክቶች በትራንስሌትዊኪ ላይ መተርጐም ኮድ መጻፍን አይጠይቅም፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ አንባቢ በገጹ ላይ የሚያያቸው የአማርኛ ትእዛዞች የፈቃደኞች ትርጕም ውጤት ናቸው። ስለዚህ ለጥያቄያችን የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ማንም ሰው መላክ ይችላል፥ የላከው እንዲገባ ግን የሚያነብለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።