አባትነትና መዝገቡ

በቀድሞው ጎጃም «አባትህ ማን ነው?» ማለት «መሬትህ የት ነው?» ከማለት ብዙም አይርቅም ነበር። ርስት ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ወገን ተቆጥሮ ይወረሳልና፣ ልጅን መቀበል ከርስት ማካፈል ነበር። ማስረጃውም የሽማግሌ ቃልና መሐላ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አባትነትን መቀበል በጽሑፍ ይሁን አለ፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ ወይም ሥልጣን ያለው ባለሥልጣን ባረጋገጠው ሰነድ። የሚያስገርመው ይኸው ሕግ በቁጥር 3361 የክብር መዝገቡን ድንጋጌዎች ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ማቆየቱ ነው። ንጉሡ ወረዱ፤ ርስት በ1967 ተሻረ፤ ደርግም ወደቀ። መዝገቡ በአገር ደረጃ የተከፈተው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት፣ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ አባቱ ያልመሰከረለት የደብረ ማርቆስ ልጅ ፍርድ ቤት ምስክር ከመቁጠር ሌላ ምን ነበረው?

ቅጹ የአባትን፣ የእናትንና የልጁን ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የእናት ቃል ነው። እሷ «እውነት ነው» ብላ ካልተቀበለችው የሰውየው ቃል አይጸናም። ይህ በ1952ቱ ሕግ የነበረ ነው፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም አልሻረውም። እናት ሞታ ከሆነ ደግሞ ቃሉ ወደ እናት ወላጆች ያልፋል።