«ኢንፎርማቲቭ ራይቲንግ»፦ በአማርኛ አስረጂ ጽሑፍ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ወላጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ በተከፈተ ቁጥር ሦስት ስሞች ይፈራረቁበታል፤ ናራቲቭ፣ ኦፒኒየን፣ ኢንፎርማቲቭ። የመጀመሪያው ታሪክ፣ ሁለተኛው አስተያየት መሆኑ ብዙ አያስቸግርም። ሦስተኛው ላይ ሲደረስ ግን ልጁ ስለ እሳተ ገሞራ ያገኘውን ሁሉ ከኢንተርኔት ለቃቅሞ ይደረድርና ሥራው አለቀ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለአይኤልትስ ፈተና የሚዘጋጅ ተመራቂም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ግራፍ ሰጥተው «ግለጽ» ሲሉት ግራፉ ያልተናገረውን ምክንያትና የራሱን ምክር ጨምሮ ይጽፋል። የሁለቱም ሰዋስው እንከን የሌለው ሊሆን ይችላል። የጎደላቸው፣ የተጠየቁት የጽሑፍ ዓይነት ምን እንደሚፈልግና ምን እንደማይቀበል ማወቅ ነው።

ቃሉና አማርኛው

ኢንፎርማቲቭ ራይቲንግ፣ ጸሐፊው አጥንቶ ያወቀውን ነገር፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በእውነታ አስደግፎ የሚያስረዳበት ጽሑፍ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ፣ የኢንሳይክሎፒዲያ መጣጥፍ፣ የላቦራቶሪ ሪፖርት፣ ከመድኃኒት ጋር የሚመጣው የአወሳሰድ መመሪያ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። በትምህርት ቤት ወረቀት ላይ «ኤክስፕላናቶሪ» ወይም «ኤክስፖዚተሪ» ተብሎም ይመጣል፤ በመማሪያ ደረጃ ልዩነታቸው ጠባብ ስለሆነ እንደ አንድ ቢያዙ ችግር የለውም።

አማርኛ ሲፈለግለት ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ። «መረጃ ሰጪ ጽሑፍ» ቀጥተኛ ነው፤ ነገር ግን የስልክ ማውጫም መረጃ ይሰጣል፣ ማንንም ግን አያስረዳም። «ገላጭ ድርሰት» በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከተራኪ፣ ከስዕላዊና ከአመዛዛኝ ድርሰት ጎን የተማርነው ነው፤ በይዘት በጣም ይቀርበዋል። ሆኖም በዕለት ንግግር «መግለጽ» የሰው መልክንና የቦታ ውበትን መሣልንም ስለሚጨምር ከስዕላዊው ጋር ይደበላለቃል። ይህ ማብራሪያ የሚመርጠው «አስረጂ ጽሑፍ»ን ነው። አስረዳሁ ለማለት አንባቢው መረዳት አለበት፤ ማስረጃም ከዚያው ሥር የበቀለ ቃል ነው። ዓላማውም መሣሪያውም በአንዱ ስም ውስጥ ይገኛሉ።

ከየት መጣ?

ጽሑፍን በዓላማው እየለዩ ማስተማር በእንግሊዝኛ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የስኮትላንዱ አሌክሳንደር ቤይን በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የድርሰት መማሪያ መጽሐፍ፣ እውቀትን የሚያስተላልፈውን ጽሑፍ ከገለጻ፣ ከትረካና ከማሳመኛ ለይቶ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው። አንቀጽ አንድ ሐሳብ ይያዝ፣ ያም ሐሳብ ከመነሻው ይታወቅ የሚለውን ደንብ በማስፋፋትም ስሙ ይነሣል። ዛሬ ልጆች የሚማሩት የአንቀጽ አሠራር ከዚያ ዘመን የወረደ ነው።

በአሜሪካ አሁን ያለውን ቅርጽ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ኮመን ኮር በተባለው የትምህርት መመዘኛ ነው። መመዘኛው ጽሑፍን በሦስት ከፈለ፤ አስተያየትና ሙግት፣ አስረጂ ጽሑፍ፣ ትረካ። ሜሪላንድ ከተቀበሉት ግዛቶች አንዷ ስትሆን ጎረቤቷ ቨርጂኒያ አልተቀበለችውም፤ የራሷ መመዘኛ አላት። ስለዚህ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚኖሩ ዘመዳሞች ልጆቻቸው የሚያመጡት ወረቀት ላይ ስያሜው ቢለያይ አይግረማቸው። አስረጂ ጽሑፍ በክፍል ደረጃ ከፍ እያለ ድርሻው እየሰፋ ይሄዳል። በአገር አቀፉ የናኤፕ የጽሑፍ ምዘና፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ በዋለው ማዕቀፍ መሠረት፣ «አስረዳ» የሚለው ዓይነት ጥያቄ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል 35 በመቶ፣ በ12ኛ ክፍል 40 በመቶ ድርሻ ተሰጥቶታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ በየቀኑ አስረጂ ጽሑፍ ያነባል ማለት ነው። የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው፤ የማትሪክ ፈተና መልስ የሚመረጥበት እንጂ አንቀጽ የሚጻፍበት አይደለምና። ብዙዎች ከዚህ ጽሑፍ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሪፖርት ጻፉ ሲባሉ፣ ወይም ለውጭ አገር ትምህርት ሲፈተኑ ነው።

ከሌሎቹ በምን ይለያል?

አንድ ጉዳይ እንያዝ፤ እንሰት። «አያቴ እንሰት የፋቀችበት ቀን» ብሎ የሚጀምር ተማሪ ትረካ ይጽፋል። «መንግሥት የእንሰት እርሻን ሊደግፍ ይገባል» ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ውስጥ ገብቷል፤ ተቃዋሚውን አስቦ ሊሟገት ግድ ነው። «እንሰት እንዴት ምግብ ይሆናል?» ብሎ የተነሣው ግን አስረጂ ጽሑፍ ጀምሯል። ልዩነቱ ያለው ጽሑፉ በሚመልሰው ጥያቄ ላይ ነው። አስረጂ ጽሑፍ «ምንድን ነው?»፣ «እንዴት ይሠራል?»፣ «ለምን ይሆናል?»፣ «ስንት ዓይነት ነው?»፣ «ከዚያኛው በምን ይለያል?» ከሚሉት አንዱን ይመልሳል። «ምን ይሻላል?» እና «ምን እናድርግ?» የሌላ ድርሰት ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄውን መምረጥ ርእሰ ጉዳይን የማጥበቢያ መንገድም ነው። «እንሰት» ብቻ ቢባል መጽሐፍም አይበቃውም። «እንሰት እንዴት ቆጮ ይሆናል?» ሲባል ግን ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ወዲያው ይታወቃል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት እንደሚተዳደር መጥቀስ በመግቢያው ላይ ይጠቅማል፤ አንባቢው ጉዳዩ ለምን እንደሚነሣ ያይበታል። የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የሚበቅልበት ከፍታ፣ ከቃጫው የሚሠራው ዕቃ እውነት ቢሆኑም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይደሉም፤ ይቆረጣሉ። ጀማሪ ጸሐፊን ከሁሉ የሚከብደው ደክሞ ያገኘውን እውነት መተው ነው።

ሁለት አንቀጾች

የሚከተሉት ሁለት አንቀጾች ለልምምድ የቀረቡ ናቸው። አንባቢው እንሰትን አይቶ የማያውቅ የ6ኛ ክፍል የአሜሪካ ተማሪ ነው እንበል።

የመጀመሪያው፦ «በዓለማችን ብዙ ዓይነት ዕፅዋት ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ እንሰት ነው። እንሰት እጅግ በጣም ጠቃሚና ድንቅ ተክል ነው። ለሕዝባችን የሚሰጠው ጥቅም ተቆጥሮ አያልቅም። ስለዚህ ሁላችንም እንሰትን መንከባከብ ይኖርብናል።»

ሁለተኛው፦ «እንሰት ሙዝ ቢመስልም ሰዎች የሚበሉት ፍሬውን አይደለም። ምግብ የሚሆነው ቅጠሎቹ ሥራቸው ላይ ተደራርበው የሚፈጥሩት ግንድ መሰል ክፍልና ከመሬት በታች ያለው ወፍራም አካሉ ነው። ግንድ መሰሉ ክፍል ከተፋቀና የከርሰ ምድሩ ክፍል ከተከተፈ በኋላ በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። የተብላላው ተጨምቆ ሲጋገር ቆጮ ይባላል። በፍቂያው ጊዜ ተጨምቆ ከወጣው ፈሳሽ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ደግሞ ቡላ ይሆናል።»

ሁለቱም አምስት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ያነበበ ልጅ እንሰት ቅጠል ይሁን እህል አላወቀም፤ «እንሰት» የሚለውን አውጥቶ «ባሕር ዛፍ» ቢያስገባበት አንቀጹ አንዳች አይጎድልበትም። ይህ ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ስሙ ተቀይሮም የሚሄድ አንቀጽ ስለ ምንም አላስረዳም። ሁለተኛው ግን አንባቢው ከሚያውቀው ከሙዝ ተነሥቶ ወደማያውቀው ይወስደዋል፣ ሥራውንም በተሠራበት ቅደም ተከተል ያሳየዋል። «ድንቅ» የሚል ቃል የለበትም፤ አንባቢው ቢደነቅ በራሱ ነው።

መሠረታዊ ክፍሎቹ

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ አንቀጽ የተማርነው እዚህ ይሠራል። ኃይለ ቃል አለ፤ መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች አሉ፤ መደምደሚያ አለ። በቦታ ረገድ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኃይለ ቃል በአንቀጽ መጀመሪያ፣ መካከል ወይም መጨረሻ ሊገኝ እንደሚችል ተምረናል። በእንግሊዝኛ አስረጂ ጽሑፍ ለጀማሪ የሚመከረው ግን መጀመሪያው ነው። መምህሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ አንቀጹ ስለ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠብቃል፤ ነገሩን አዙሮ አዙሮ መጨረሻ ላይ መግለጥ ለወግ የሚያምር ቢሆንም እዚህ እንደ ዝብርቅርቅ ይቆጠራል።

መዘርዝሩ የሚሠራው ከአምስት ዓይነት ነገር ነው፤ ከእውነታ፣ ከብያኔ፣ ከተጨባጭ ዝርዝር፣ ከምሳሌና ምንጩ ከተገለጸ ጥቅስ። ብያኔ ለእኛ ጸሐፊዎች ልዩ ትኩረት ይሻል። ስለ አገር ቤት ነገር የሚጽፍ ተማሪ «ቆጮ»፣ «ደቦ»፣ «እድር» የሚሉት ቃላት ለአንባቢው ባዶ መሆናቸውን ይዘነጋል። ቃሉ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ በአንድ ሐረግ መበየን አለበት፤ እድር ማለት አባላቱ በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት የመንደር ማኅበር ነው፣ እንዲህ ብሎ ማለፍ።

የመዘርዝሩ አቀማመጥ ከጥያቄው ይወጣል። «እንዴት» ተብሎ ከሆነ የጊዜ ቅደም ተከተል፣ «ለምን» ከሆነ ምክንያትና ውጤት፣ «በምን ይለያል» ከሆነ ንጽጽር፣ «ስንት ዓይነት» ከሆነ ምደባ። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ቢጋር ቢያወጣ ይህ አስቀድሞ ይታየዋል። አያያዥ ቃላትም እንደዚያው ነው፤ «ቀጥሎ» እና «ከዚያ በኋላ» ለሂደት፣ «በአንጻሩ» ለንጽጽር፣ «በዚህም ምክንያት» ለውጤት። ያለ ቦታቸው የተደረደሩ አያያዦች ጽሑፍን አያያይዙም፤ ምክንያት በሌለበት «ስለዚህ» ያለ ተማሪ አንባቢውን ያሳስታል።

መደምደሚያው ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ይፈተናል። ድርሰት ሲዘጋ ምክር መስጠት፣ «እንግዲህ ሁላችንም» ብሎ መነሣት ልማዳችን ነው። አስረጂ ጽሑፍ ይህን አይቀበልም። የተነሣውን ጥያቄ መልስ በአጭሩ አጠቃልሎ፣ ቢበዛ የነገሩን ፋይዳ ጠቁሞ ያቆማል። ተረትና ምሳሌም ለንግግር ጌጥ ነው፤ በማስረጃ ቦታ ሲገባ ግን የጎደለውን እውነታ ይሸፍናል እንጂ አይሞላም።

ግራፍ የሚጠይቀውና ልጁ የሚጠየቀው

የአካዳሚክ አይኤልትስ የመጀመሪያው የጽሑፍ ጥያቄ አስረጂ ጽሑፍ ራቁቱን የሚታይበት ቦታ ነው። ተፈታኙ ግራፍ፣ ሠንጠረዥ፣ ካርታ ወይም የሂደት ሥዕል ይሰጠውና በ20 ደቂቃ ገደማ ቢያንስ 150 ቃላት ይጽፋል። ዋና ዋናውን መርጦ እንዲያቀርብና አስፈላጊ ሲሆን እንዲያነጻጽር ይታዘዛል። «መርጦ» የሚለው ወሳኝ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ የዘረዘረ አልመረጠም፤ አጠቃላይ ገጽታውን በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያልተናገረም ነጥብ ያጣል። የቡና ሽያጭ ለምን እንደቀነሰ ግራፉ ካልተናገረ ተፈታኙም አይናገርም። ለአስተያየቱ ሁለተኛው ጥያቄ አለለት፤ 40 ደቂቃና 250 ቃላት ያለው፣ ውጤቱም ከመጀመሪያው እጥፍ የሚመዝነው።

የልጁ መንገድ ዝግ ብሎ የሚያድግ ነው። በኮመን ኮር መሠረት የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ በሥዕልም፣ እየተናገረ በማስጻፍም ቢሆን ጉዳዩን ስም ጠርቶ ጥቂት መረጃ ካቀረበ ይበቃዋል። 2ኛ ክፍል ጉዳዩን አስተዋውቆ በእውነታና በብያኔ ያስረዳል፤ መዝጊያም ይጨምራል። 3ኛ ክፍል የሚዛመዱ መረጃዎችን አንድ ላይ ይሰበስባል፤ 6ኛ ክፍል ሲደርስ ምደባን፣ ንጽጽርን፣ ምክንያትና ውጤትን አውቆ እንዲጠቀም ይጠበቃል። ስለዚህ የ2ኛ ክፍል ልጅ የጻፈውን አጭር ገጽ አይቶ «ይህ ብቻ?» ማለት አይገባም።

እንግሊዝኛው ከልጁ ያነሰ ወላጅም እዚህ ላይ ሊረዳ ይችላል፤ እንዲያውም አለማወቁ ይጠቅማል። ልጁ የጻፈውን ጮክ ብሎ በአማርኛ እንዲያስረዳው ያድርግ፤ ያልገባው ቦታ ሲደርስ «እሱ ምንድን ነው?» ወይም «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቀው። ወላጁ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ጽሑፉ ላይ ብያኔ፣ እርምጃ ወይም ምሳሌ የጎደለበት ቦታ ነው፤ ልጁ እርሳሱን አንሥቶ እዚያው ይሙላ።