የሐኪምዎ ቅላጼ እንግዳ ሲሆንብዎ

ቋንቋውን እያወቁ የሐኪሙ ቅላጼ እንግዳ ስለሆነ ብቻ ንግግሩ ሊያመልጥዎ ይችላል። ይህ በተለይ በውጭ አገር የሚታከሙ ወገኖቻችንን ያጋጥማል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከአራት ሐኪሞች አንዱ ያህል ሕክምናን የተማረው ከአገሪቱ ውጭ ነው።

ጆሮ የሚለምደው እንዴት ነው?

አንጎል የሰማውን ድምፅ ቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ያመሳክራል። እንግዳ ቅላጼ ሲገጥመው መጀመሪያ ይዘገያል። ከዚያም ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነስቶ ያልለየውን ቃል ይገምታል፤ የተናጋሪውንም አነጋገር ይለምዳል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው ይህ መዘግየት አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ጫጫታ፣ የአፍ መሸፈኛ ማስክ፣ ስልክ፣ የመስማት ችግርና ጭንቀት ግን መልመዱን ያከብዱታል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የት ላይ ነው?

ቁጥርና የመድኃኒት ስም ላይ ነው። እነዚህን ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ መገመት አይቻልም። በእንግሊዝኛ "ፊፍቲን" (15) እና "ፊፍቲ" (50) በቀላሉ ይምታታሉ፤ በመድኃኒት መጠን ላይ ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ሌላውን ንግግር በደንብ ቢረዱም ቁጥርን በጆሮዎ ብቻ አይመኑ።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• "እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሩኝ" ማለት ነውር አይደለም።
• የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ የሚወሰድበትን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን በጽሑፍ ይጠይቁ።
• ከመውጣትዎ በፊት የተረዱትን በራስዎ አነጋገር መልሰው ለሐኪሙ ይንገሩ።
• አስተርጓሚ ይጠይቁ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት እንግሊዝኛ ለሚከብደው ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ልጆችዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።

መቼ ምርመራ ያስፈልጋል?

የቤተሰብዎን ንግግር ጭምር መስማት ከከበደዎ ወይም የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ማድረግ ካበዙ ጆሮዎን ይመርመሩ። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ንግግር መረዳት ወይም መናገር በድንገት ካቃተዎ፣ ፊትዎ ከተጣመመ ወይም እጅዎ ከዛለ ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።