የጋራ የንድፍና የካርታ ፋይሎች በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ለምን ይዘገያሉ?

የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት ወደ ከተማ አሥተዳደር የሄደ ነዋሪም ኾነ በይዞታ ካርታው ላይ ያለ ስህተት እንዲታረምለት ወደ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የሄደ አርሶ አደር በተደጋጋሚ የሚሰማው መልስ አለ፦ “ኔትወርክ የለም፤ ነገ ይመለሱ።” መረጃው በሩቅ ማዕከል የተቀመጠ ከኾነ መልሱ እውነት ሊኾን ይችላል። ንድፉ ወይም ካርታው በዚያው ሕንጻ ውስጥ ባለ የጋራ ሰርቨር ላይ ሲቀመጥ ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመድረስ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። መዘግየቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ መንስኤውም ከጥቂት ቀላል ሙከራዎች በኋላ ሊለይ ይችላል።

የሕንጻ ንድፍ በአብዛኛው አውቶካድ በተባለው ሶፍትዌር፣ የይዞታ ካርታ ደግሞ እንደ አርክ ጂአይኤስ እና ኪው ጂአይኤስ ባሉ የካርታ ሶፍትዌሮች ይዘጋጃል። አንድ ደብዳቤ በኪሎባይት ሲለካ ትልልቅ ንድፎች በአሥርና በመቶ ሜጋባይት ይለካሉ። ለሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ መነሻ የሚኾነው የአየር ላይ ፎቶ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲከፈት የማይታወቅ የኔትወርክ ጉድለት ካርታ ሲከፈት ይጋለጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ ፋይሉን ከነተያያዥ ፋይሎቹ ወደ ባለሙያው ኮምፒውተር ቀድቶ ከዚያ መክፈት ነው። በፍጥነት ከተከፈተ ችግሩ መንገዱ ወይም ሰርቨሩ ላይ ነው። እዚያም ከዘገየ ፋይሉ ራሱ ወይም ኮምፒውተሩ መታየት አለበት። ለሙከራ የተቀዳው ፋይል ወዲያው መሰረዝ ይኖርበታል። ይህን ቀላል ሙከራ ሳያደርጉ አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ መጠየቅ ብር ማባከን ነው።

ጥርጣሬው ወደ መንገዱ ካመራ ቀጥሎ የሚታየው የግንኙነቱ ፍጥነት ነው። በዊንዶውስ የኔትወርክ መረጃ ገጽ ላይ ፍጥነቱ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚል ከኾነ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የሚያልፈው 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። 200 ሜጋባይት የሚመዝን ንድፍ ሌላ ተጠቃሚ ባይኖር እንኳ 16 ሰከንድ ይወስድበታል። 1 ጊጋቢት በኾነ መስመር ግን ያው ፋይል ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። በተግባር ሁለቱም ከዚህ ይዘገያሉ፤ ልዩነታቸው ግን አይጠፋም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኬብሉ ነው። የኔትወርክ ኬብል በውስጡ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉት። የ1 ጊጋቢት ግንኙነት አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል፤ ለ100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ይበቃሉ። ከአራቱ አንዱ በወንበር እግር ተረግጦ ወይም በአይጥ ተበልቶ ሲቋረጥ ግንኙነቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ብሎ ሥራው ይቀጥላል። ኔትወርኩ “አለ” ስለሚባል ማንም ኬብሉን አይጠረጥርም። ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም መታወስ አለበት። ዋይፋይ ለደብዳቤና ለመልእክት ይበቃል። አምስትና ስድስት ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ከባድ ካርታ ሲከፍቱ ግን አንዱን የአየር መንገድ ይሻሙበታል፤ የድንጋይ ግድግዳ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ ይደክማል።

ፍጥነት ብቻውን ግን ሁሉን አይገልጽም፤ የጉዞው ርቀትም አለ። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ጭኖ መውሰድ እና በእፍኝ እየዘገኑ ማመላለስ እኩል አይደሉም። የንድፍ ሶፍትዌር ፋይሉን በእፍኝ የሚያመላልስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ትንሽ ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጠይቃል። ለምሳሌ 2 ሺህ ጥያቄ ቢኖርና በሕንጻው ውስጥ የአንዱ ምልልስ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ ጠቅላላው 1 ሰከንድ ይኾናል። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ኾኖ ምልልሱ 40 ሚሊ ሰከንድ ከደረሰ ግን 80 ሰከንድ ይፈጃል። እዚህ ላይ የመስመሩን ስፋት ለማሳደግ ተጨማሪ ክፍያ መፈጸም እምብዛም አይረዳም። የተሻለው ፋይሉን ለሚሠሩበት ሰዎች ቅርብ ማድረግ ወይም ባለሙያው በርቀት ገብቶ ሰርቨሩ አጠገብ ባለ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው።

ፋይሉ ራሱ ጥፋተኛ ኾኖ ከተገኘ ነገሩ ይሰፋል። አንድ የአውቶካድ ንድፍ ሌሎች ንድፎችንና ፎቶዎችን ከውጭ ሊጠራ ይችላል። ሰርቨሩ ስሙ ተቀይሮ ወይም አሮጌው ተነሥቶ ከኾነ ንድፉ በተከፈተ ቁጥር የሌለውን ሰርቨር እየፈለገ ይጠብቃል። በሶፍትዌሩ የተያያዥ ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ “አልተገኘም” የሚል ምልክት ያለባቸውን አድራሻ ማስተካከል አለዚያም ማስወገድ ይገባል። የማተሚያ ማሽንም እንዲሁ ነው፤ ንድፉ የሚያስታውሰው ማተሚያ ከተበላሸ ወይም ከተነቀለ ዓመት ቢያልፈውም ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሊፈልገው ይችላል።

ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲገለበጡ የኖሩ ንድፎች ደግሞ የማይታይ ቆሻሻ ይሸከማሉ። “ፐርጅ” የተባለው ትዕዛዝ ጥቅም ላይ ያልዋሉ የመስመር ዓይነቶችንና ቅርጾችን ያስወግዳል፤ “ኦዲት” የተባለው ደግሞ የፋይሉን ስህተት ፈልጎ ያርማል። ሁለቱም መካሄድ ያለባቸው መጠባበቂያ ቅጂ ከተያዘ በኋላ ነው። የአየር ላይ ፎቶውን በተመለከተ የአንድ ቀበሌን ድንበር ለማረም የወረዳውን ፎቶ በሙሉ መክፈት አያስፈልግም፤ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ መቁረጥ ይቻላል። ሲቆረጥ ግን የቦታ መጠቆሚያ መረጃው አብሮት መኖር አለበት። ያ መረጃ የጎደለው ፎቶ ያለ ቦታው ይቀመጣል፤ በእሱ ላይ የተሠመረ ድንበርም አብሮ ይሳሳታል።

መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ሌላ ምልክት ይታያል። አንድ ባለሙያ ንድፍ ሲከፍት አውቶካድ ሌላ ሰው እንዳይለውጠው የሚያመለክት ትንሽ የቁልፍ ፋይል ከአጠገቡ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ ቁልፉ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ሰው ንድፉን ሲከፍት “ለማንበብ ብቻ” የሚል መልእክት ይመጣበታል። ቁልፉን ከመሰረዝ በፊት ፋይሉን በእውነት የያዘው ሰው አለመኖሩን በየክፍሉ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

እንደ ሰርቨር የሚያገለግለው ተራ ኮምፒውተር ከኾነ ገደቡ ሊታወቅ ይገባል። ዊንዶውስ 10 በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነቶችን አያስተናግድም። ዲስኩ ሊሞላ የተቃረበ ከኾነም ሥራው ይንቀራፈፋል። አንቲቫይረስ ደግሞ አንዱን ፋይል በሰርቨሩም በተጠቃሚውም ኮምፒውተር በየጊዜው የሚፈትሽ ከኾነ መዘግየት ይፈጥራል። መፍትሔው ማጥፋት አይደለም፤ የትኛው ማሽን ምን እንደሚፈትሽ የኔትወርክ ባለሙያው እንዲወስን ማድረግ ነው።

ከሁሉም የከፋው መፍትሔ መሳዩ ፍላሽ ነው። ኔትወርኩ ሲያስመርር ባለሙያው ካርታውን በፍላሽ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ያርማል፤ ባልደረባው ደግሞ በሰርቨሩ ላይ ያለውን ያርማል። ከዚያ በኋላ የአንድ ማሳ ሁለት ካርታ ይኖራል። በአንደኛው ላይ ወሰኑ ከዛፉ ወዲህ፣ በሌላኛው ከዛፉ ወዲያ ይኾናል። ጎረቤታሞች ሲካሰሱ የትኛው እውነተኛ እንደኾነ ፋይሉ አይናገርም። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ የመግባቱ ስጋት ከዚህ ሌላ ነው።

ለኔትወርክ ባለሙያ “ቀርፋፋ ኾነብን” ብሎ መደወል ብዙም አይረዳውም። የፋይሉን ስምና መጠን፣ በሰዓት የተለካውን የመክፈቻ ጊዜ፣ መዘግየቱ የሚበረታው ጧት ይሁን ከሰዓት፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይሁን ሁሉም ላይ፣ ከሰርቨሩ ተቀድቶ ሲከፈት ምን እንደታየ መዝግቦ መንገር ግን የግማሽ ቀን ፍለጋ ሊያስቀርለት ይችላል። ባለጉዳዩም “ነገ ይመለሱ” ሲባል ማመልከቻው የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን በጽሑፍ ይዞ መመለስ ይችላል፤ ለዚህ ኔትወርክ አያስፈልግም።