ከምድጃ እስከ ግድብ፦ የኢትዮጵያ የኃይል ምንጭ ታሪክና የሚዛን ጥያቄ

መግቢያ

ስለ ከርሰ ምድር ነዳጅና ስለ ታዳሽ ኃይል በስደት በምንኖርባቸው አገሮች የሚካሄደው ክርክር በአብዛኛው የሚመለከተው፣ ድንጋይ ከሰልና ዘይት አንድደው የበለጸጉና አሁን ከዚያ ለመላቀቅ የሚጥሩ ሕዝቦችን ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ግን የተለየ ነው። አገራችን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ እያመነጨች፣ መኪናዋን ከውጭ በተገዛ ነዳጅ እያንቀሳቀሰች፣ እንጀራዋን ደግሞ በእንጨትና በኩበት እየጋገረች ኖራለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስቱ መንገዶች እንዴት ተለያይተው እንደተጓዙ እንመረምራለን። ዓላማችን የምሕንድስና ምክር ለመስጠት አይደለም፤ ከዓባይ ግድብና ከኦጋዴን ጋዝ ፊት የቆመው የዛሬው ትውልድ ከዚህ ታሪክ ሊቀስመው የሚገባውን ለመጠቆም ነው። የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማገዶ ችግርና ባሕር ዛፍ

የኢትዮጵያ የኃይል ጥያቄ የተጀመረው ከነዳጅ ዘይት በፊት ነው። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ አለቀ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ የደረሱት በዋነኛነት በዚሁ የማገዶ እጥረት የተነሣ ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣውና በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያን ጊዜ አንሥቶ የመዲናይቱ ምድጃ ከእንጦጦ ተራራ የእንጨት ሸክም ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች ጀርባ ላይ የቆመ ሆነ። ችግሩ ቀለለ እንጂ አልተፈታም። የዛፉ ተክል ባልተስፋፋበት ገጠር ደግሞ ማሳውን ማዳበር የነበረበት ኩበት ወደ እሳት ተማገደ።

የውኃ ኃይልና የአሰብ ዘይት

በ1930ዎቹ ዓመታት በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋዋት ብቻ የሚያመነጭ ነበር። ትልቁ እርምጃ የመጣው ኢጣሊያ ስለ ወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ሥራ በጀመረው የቆቃ ግድብ ነው። ኃይሉ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር። በ1956 የተቋቋመው የመብራት ኃይል ባለ ሥልጣን በአዋሽ ላይ ሁለት ተጨማሪ ማመንጫዎች ሠርቶ፣ በ1973 ደግሞ ፊንጫን ጨመረ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ብርሃን የደረሰው ለከተሞችና ለፋብሪካዎች ነበር። ከቆቃ የሚነሣው የኤሌክትሪክ መሥመር በጭቃ ቤቶች ጣሪያ ላይ ሲያልፍ፣ ከሥሩ ያለችው ባልቴት ኩበት ትለቅም ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ዘይት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሞስኮን ሲጎበኙ በተገኘው የሶቪየት ብድር የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀመረ። ማጣሪያው የራሳችን ቢባልም ድፍድፉ የሰው ነበር። በጥቅምት 1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የዓለም ገበያ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ መንግሥት በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። የታክሲ ነጂዎች ከመምህራን ጋር ተያይዘው አደሙ፤ ጭማሪው በከፊል ቢነሣም የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ወደቀ። አብዮቱ የቤንዚን ልጅ ነው ማለታችን አይደለም፤ የመሬትና የረሀብ ጥያቄዎች ከሥሩ ነበሩ። ነገር ግን የነዳጅ ዋጋ በሌሎች እጅ የሆነበት መንግሥት ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ካላኖረ ምን እንደሚደርስበት ያ ወር አሳይቶናል።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ተመጠነ። የዚያን ጊዜ የከተማ ልጆች የነበርነው ለቡታጋዝ ምድጃ የሚሆን ነጭ ጋዝ ለመቅዳት ጀሪካን ይዘን የተሰለፍንበትን ሰዓት አንረሳውም። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ሆነች፤ የአሰብ ማጣሪያ በ1997 ተዘጋ፤ በ1998 በፈነዳው ጦርነት ወደቡም ከኢትዮጵያ አገልግሎት ውጭ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የተጣራውን ነዳጅ ከውጭ እየገዛች በጅቡቲ በኩል ታስገባለች።

የኦጋዴን ጋዝ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን፣ በካሉብ፣ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ከአብዮቱ በኋላ የሶቪየት ባለሙያዎች በካሉብና በሒላላ ቆፈሩ። ከ1991 በኋላም የዓለም ባንክ፣ የማሌዢያና የቻይና ኩባንያዎች በየተራ ገቡ፤ አብዛኞቹ ሥራው ከፍሬ ሳይደርስ ወጡ። መሰናክሉ የወደብ መራቅና የገንዘብ እጦት ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 2007 በአቦሌ የፍለጋ ሰፈር ላይ የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ባደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። ለዚህ ግድያ ምክንያት ሊሆን የሚችል አንዳች ነገር የለም። ሆኖም የአካባቢው ሕዝብ ስለ ሀብቱ ሳይመከርና ድርሻው ሳይታወቅ የሚቆፈር ጉድጓድ ሰላም እንደማያፈልቅ ከዚያ ዘመን ታሪክ መማር ይገባናል።

የጋዙ የመጀመሪያ ምዕራፍ በጥቅምት 2025 ተመረቀ። በዚያው ጊዜ ጋዙን የሚጠቀም የማዳበሪያ ፋብሪካ በጎዴ እንዲሠራ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር፣ በመስከረም፣ በ2011 የተጀመረውና ብዙዎቻችን በስደት ሳለን ቦንድ የገዛንለት የዓባይ ግድብ ተመርቋል። የማመንጨት ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡም በ2024 ተከልክሏል።

የሚዛኑ ጥያቄ

በዚህ ጉዳይ ሁለት አሳቦች ይሰማሉ። አንደኛው ውኃና ነፋስ ይበቁናል፣ ጋዙ ከመሬት ሥር ይቅር ይላል። ሁለተኛው ያለን ሁሉ ወጥቶ ይሸጥ ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ምድጃውን ዘንግተዋል።

ለመጀመሪያው አሳብ ታሪክ የሚሰጠው መልስ አለ። ውኃ ታዳሽ ቢሆንም ዝናብ ሲጠፋ ይጎድላል። በ2009 የግድቦች ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ ክፍተቱን ለመሙላት የዲዝል ማመንጫዎች በኪራይ ገብተዋል። በአዳማና በአሸጎዳ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች በበጋ ለግድቦቹ ረዳት ናቸው፤ ይህ መስፋፋት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን በአንድ የገጠር ቤት ጋዝ ቢነድ የሚተካው ነፋስን ወይም ፀሐይን አይደለም። የሚተካው እንጨትንና ኩበትን፣ የእናቶችን ጀርባና በጭስ የተጎዳ ዓይናቸውን ነው። ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለመሸከም የሚችል መሥመር ወደ እያንዳንዱ ጎጆ እስኪዘረጋ ድረስ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ለሁለተኛው አሳብም መልስ አለን። ጋዝ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የዓለም ገበያ ዋጋም እንደ 1973 ሁሉ በእጃችን አይደለም። ጋዙን ሸጦ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ መግዛት፣ ኩበቱን እያነደዱ ማሳውን ማራቆት፣ አንዱን ኪሣራ በሌላው ላይ መደረብ ነው። ስለዚህ የአገር ውስጥ ጋዝ በመጀመሪያ ለማዳበሪያና ለምግብ ማብሰያ፣ ቀጥሎም ለድርቅ ዓመት መጠባበቂያ ቢመደብ፣ ከሽያጩ የሚገኘውም ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን ከሰጠ በኋላ የገጠር የኤሌክትሪክ መሥመር ለመዘርጋት ቢውል፣ የሚያልቀው ሀብት የማያልቀውን ይወልዳል። ይህ እንዲሆን የውሉ ቃልና የገቢው ሒሳብ ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ከምኒልክ ዘመን እስከ ዛሬ የተከታተሉት መንግሥታት የኃይል ሥራቸውን በተመረቀ ግድብና በተከፈተ ማጣሪያ ለክተዋል። ሥራዎቹን አናቃልልም፤ በብዙ ድካምና መሥዋዕትነት የተገነቡ ናቸውና። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቀየር የኖረው መለኪያ ሌላ ነው። የገጠሯ እናት ማለዳ ተነሥታ የምታነደው ምንድን ነው? ይህን ለማግኘትስ ስንት ሰዓት ተጓዘች? የውኃና የጋዝ ሚዛን ትክክል መሆኑን የምናውቀው ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የተለወጠ ዕለት ነው። በውጭ አገር ያለን የታሪክና የሌሎች ሙያዎች ሰዎችም ክርክራችንን ከዚህ ምድጃ አጠገብ ብንጀምር ለአገራችን የበለጠ እንጠቅማለን ብለን እናምናለን።