በባሕር ወለል ላይ የሚፈልቀው ጋዝና በዙሪያው ያለው ሕይወት በካርታ እንዴት ይሰፍራል?

ከከብት እበት የሚመረተው ባዮጋዝ ዋነኛ ይዘቱ ሚቴን ነው። ይኸው ጋዝ በውቅያኖስ ወለል ሥር ከተቀበሩ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪቶችም ይመነጫል። የምድርን ስንጥቅ ተከትሎ በየሥፍራው እንደ ምንጭ ይፈልቃል።

እ.ኤ.አ በ1984 አልቪን በተባለችው ሰርጓጅ መርከብ የወረዱ ተመራማሪዎች በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ 3 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ በእንዲህ ያለ ፍልቅታ ዙሪያ የተሰባሰቡ በርካታ እንስሳትን አገኙ። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት በዚያ ሥፍራ የምግቡ መሠረት ዕፅዋት አይደሉም፤ ከሚቴንና ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ኃይል የሚያገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በቱቦ ውስጥ የሚኖሩት ረጃጅም ትሎች አፍም አንጀትም የላቸውም፤ የሚመግቧቸው በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

የካርታ ሥራው የሚጀምረው በድምፅ ነው። በመርከብ ላይ የተገጠመው ሶናር የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፤ የሚመለሰውን ማስተጋባትም ይመዘግባል። ወደ ላይ የሚወጡ የጋዝ አረፋዎች ድምፁን ስለሚመልሱ በመሣሪያው ላይ እንደ ጢስ ዓምድ ይታያሉ። ደለሉና ዐለቱ የሚመልሱት ድምፅም ይለያያል። ቀጥሎ ካሜራ የያዘ ሰው አልባ ሰርጓጅ ወርዶ የእንስሳቱን ዓይነትና ሥርጭት ያረጋግጣል፤ ናሙናም ይሰበስባል።

በዚህ የድምፅ ዘዴ እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2013 የተሰበሰበ መረጃ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ከኬፕ ሃተራስ እስከ ጆርጅስ ባንክ ባለው የባሕር ክልል፣ 570 ገደማ የጋዝ መውጫዎች መኖራቸውን አሳይቷል። ውጤቱ በ2014 ይፋ ሆኗል።

ካርታው የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሚገኙት ባለ ቱቦ ትሎች አንዳንዶቹ ከ200 ዓመት በላይ ይኖራሉ። እድገታቸው እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ የመርከብ መልሕቅ፣ የነዳጅ ቁፋሮ ወይም ወለል የሚጠርግ የዓሣ መረብ በአንድ ቀን የሚያጠፋውን የሰው ዕድሜ አይተካውም። ቁፋሮው እንዲርቃቸው ማድረግ የሚቻለው ያሉበት ቦታ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው።

ከዚህም ባሻገር በወለሉ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ከሥር የሚመጣውን ሚቴን አብዛኛውን ወደ ውኃው ሳይገባ ይጠቀሙበታል። ሚቴን ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ኃይለኛ ጋዝ በመሆኑ ይህ አገልግሎታቸው ከባሕር ርቆ ለሚኖረውም ሰው ይተርፋል።

ይሁን እንጂ አንዱ ፍልቅታ ሲደርቅ ሌላው ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሠራ ካርታ በየጊዜው በሚደረግ ዳግም ቅኝት መታደስ ይኖርበታል።